ባለቤቴን ከፉልባክነት ያስፈታሁበት ቀን

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ የጆሃንስበርግ ብርድ ለቀቅ ማድረግ በጀመረበት ሰሞን ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር አልፏል። ይህን ግን መርሳት አልቻልኩም። በተለይ ስሟን እንኳ ሳልጠይቃት የተለየኋትን አንዲት ሴት ሁልጊዜ አስባታለሁ።

ባለቤቴ ከድር ይባላል። አባቱ በልጅነቱ ከወራቤ ወደዚህ አምጥተውት እዚሁ ተምሮ ያደገ ነው። እኔ ሰሚራ የመጣሁት በጋብቻ ነው። እሱ ጀፕ በሚባለው፣ የአገራችን ነጋዴ በሚበዛበት ገበያ ውስጥ ጫማ በጅምላ ይሸጣል፤ እኔ ደግሞ ፎርድስበርግ፣ ከቤታችን አጠገብ፣ የልጆች ልብስ የምሸጥባት ትንሽ ሱቅ አለችኝ።

ከድር ትምህርት ቤት እያለ የራግቢ ፍቅር ይዞት ቀረ። ለማታውቁት፣ ራግቢ ማለት እንቁላል የመሰለ ኳስ ታቅፎ መሮጥ፣ ኳስ የታቀፈውን ሰው ደግሞ አባሮ መሬት ላይ መጣል ነው። መጀመሪያ ያየሁ ቀን ሰው የተጣላ መስሎኝ "ኧረ ገላግሏቸው!" ብዬ ጮኼ የሜዳው ሁሉ መሳቂያ ሆኛለሁ። ዛሬ ግን ዳኛው ሲሳሳት ከባሌ ቀድሜ የምናደደው እኔ ነኝ።

የከድር ቦታ ፉልባክ ነው። ከሁሉም ኋላ ብቻውን የሚቆመው ማለት ነው። ተጋጣሚ ኳሱን ወደ ሰማይ ሲለጋው፣ እየሮጡ የሚመጡበትን ሰዎች ሳያይ፣ አንጋጦ ኳሱን ብቻ እየተከተለ መያዝ አለበት። እሱ ከሳተ ከኋላው ማንም የለም። ለዚህ ነው ለዚህ ቦታ ሩጫ ብቻ አይበቃም የሚሉት። የማይደናገጥ፣ ብዙ ያየ ሰው ይፈለጋል። ከድር ቤትም ውስጥ እንደዚያው ነው። ልጅ ወድቆ ሲያለቅስ እኔ ስጮህ እሱ ረጋ ብሎ ያነሳዋል።

እዚህ ከተማ የምንኖር የተለያዩ የአፍሪካ አገሮች ሰዎች በየዓመቱ አንድ እሁድ ሜዳ ተከራይተን የራግቢ ውድድር እናደርጋለን። ዚምባብዌው፣ ማላዊው፣ ኮንጎው፣ እኛም የየአገራችንን ማልያ እንለብሳለን። እኛ "ብሔራዊ ቡድን" ነው የምንለው። አገር ቤት ያለው ሰው ቡድኑ መኖሩንም አያውቅም፤ ጀፕ ውስጥ ግን የውድድሩ ሰሞን ሌላ ወሬ የለም።

ይህ የማወራው ነገር ከመሆኑ በፊት በነበረው ዓመት፣ ውድድሩ ሊደርስ ሲል፣ ከድር ልምምድ ላይ ከአንድ ልጅ ጋር ራስ ለራስ ተጋጨ። ወድቆ ወዲያው ተነሳ፣ ሳቀም። ሁሉም ረሱት። ቤት ሲገባ ግን አስመለሰው። ቁጭ ብሎ ትልቁን ልጃችንን እያየ ስሙ ጠፋበት። ያን ጊዜ የተሰማኝን ድንጋጤ ለጠላቴም አልመኝም።

በግድ ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ሐኪሟ ፊት ለፊት ነገረችው፦ "ጨዋታው ይብቃህ። ጭንቅላትህ ሌላ ምት ከተጨመረበት ከዚያ ወዲያ ምን እንደሚሆን እኔም ልነግርህ አልችልም።" ለወራት ራሱን ሲያመው፣ መብራት አጥፉልኝ ሲል ከረመ። ቀስ በቀስ ተሻለው።

ለማንም እንዳልናገር አስማለኝ። "ጀፕ ውስጥ ወሬ ከታክሲ ይፈጥናል" አለኝ። "ከድር ጭንቅላቱ ተነክቷል ከተባለ ማን ከእኔ ጋር ይሠራል?" ለቡድኑ ወገቤን አሞኛል ብሎ በዚያ ዓመት ቀረ።

በእሱ ቦታ የቆመው ቢላል የሚባል፣ እዚሁ የተወለደ፣ በሞተር ዕቃ እያደረሰ የሚኖር ወጣት ነው። ሲሮጥ ነፋስ ነው። ዚምባብዌዎቹ ግን ኳሱን ወደ ሰማይ ላኩበት፣ እሱም እጁ ላይ የደረሰውን ጣለው። ተሸነፍን። ዓመቱን ሙሉ ጀፕ ውስጥ ዕቃ ሊያቀብሉት ሲሉ "ቢላል፣ ያዝ እንግዲህ! እንዳይወድቅ!" እያሉ ቀለዱበት። እየሳቀ ያልፋቸው ነበር፤ ግን ሱቄ ሲመጣ ፊቱን አየዋለሁና ሳቅ እንዳልነበረ አውቃለሁ።

እንግዲህ ባለፈው ዓመት ውድድሩ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ እሁድ ከሰዓት፣ ቤታችን ተንኳኳ። ሐጂ ሸምሱ ናቸው። ጀፕ ውስጥ ብርድ ልብስ በጅምላ የሚሸጡ፣ ሁላችንም እንደ አባት የምናያቸው ሰው ናቸው። ሁለት ሌሎች ሽማግሌዎችና የቡድኑ አሰልጣኝ ተማም አብረዋቸው አሉ። "ግቡ፣ ተቀመጡ" ብዬ ሻይ ልጥድ ሄድኩ። ሻይ ይዤ ስመለስ ሁሉም እንደቆሙ ናቸው።

"አረፍ በሉ እንጂ ሐጂ" አለ ከድር።

"አንቀመጥም። ጉዳይ ይዘን ነው የመጣነው። እሺ ካላልከን እንደቆምን ነን።"

ሽማግሌ ቆሞ ሲለምን አገር ቤት አይቻለሁ። ልጃችሁን ለልጃችን ብለው ሲመጡ፣ ደም የተቃቡ ሰዎችን ሊያስታርቁ ሲመጡ እንደዚህ ይቆማሉ። ለራግቢ ሲቆሙ ግን ያየሁት ያን ቀን ነው። ሳቄ መጣ። ምን ሊጠይቁ እንደመጡ ሲገባኝ ግን ሳቁን ተውኩት።

ተማም ነገሩን አስረዳ። "ከድር፣ አምና የሆነውን አይተሃል። ቢላል ፈጣን ነው፤ ግን ኳሱ አየር ላይ እያለ የሚመጡበትን ሰዎች ያያል። ዚምባብዌዎቹ ይህን ያውቃሉ፣ ዘንድሮም ወደ ላይ ነው የሚልኩት። ከኋላ ልምድ ያለው፣ ዓይናችንን ጨፍነን የምንተማመንበት ሰው እንፈልጋለን። ከአንተ ሌላ የለንም።"

"ዕድሜዬም ሄዷል፣ ወገቤም..." አለ ከድር ወደ እኔ እያየ።

"የእኔን ጉልበት ታውቃለህ አይደል?" አሉት ሐጂ። "እየቆረጠመኝ ነው። ይኸው ቆሜያለሁ።"

ከድር እንደገና ቀና ብሎ አየኝ። እኔም ትሪውን እንደያዝኩ አየሁት። ራሴን ነቀነቅኩ፣ አይሆንም ለማለት። እሱ ግን ዓይኑን መለሰና "እሺ" አለ።

ሁሉም አንድ ላይ ተቀመጡ። መረቁት፣ ሻያቸውን ጠጡ፣ ስለ ጨዋታው ሞቅ ያለ ወሬ ያዙ። እኔ ወጥ ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

እንደወጡ አልቆየሁም። "ምን ማለትህ ነው?" አልኩት።

"ሽማግሌ ቆሞ እምቢ ይባላል?"

"ሐኪሟስ?"

"ሐኪሟ ሽማግሌ አልላከችም" አለኝ። ሊያስቀኝ ነበር። እንደማልስቅ ሲያይ "አንድ ጨዋታ ብቻ ነው ሰሚራ። ቃሌን ሰጥቻለሁ" ብሎ ልብሱን ሊለውጥ ገባ።

በዚያ ሳምንት እንቅልፍ አልነበረኝም። ለሐጂ እውነቱን እንዳልነግራቸው ምያለሁ። ዝም እንዳልል ልጆቼ አሉ። ከድርን ብለምነው "ቃል ነው" ይለኛል። ቃሉን ለእኔ አልሰጠምና እኔ ልመልስለት አልችልም። የተቀበሉት ሰዎች ናቸው ሊመልሱለት የሚችሉት። ሳስበው ሳስበው እነሱ በመጡበት መንገድ ከመሄድ ሌላ ምንም አልታየኝም።

ሳምንቱ አጋማሽ ላይ ጎረቤታችን እትዬ ሙኒራ ዘንድ ሄድኩ። ትልቅ ሴት ናቸው፤ ሐጂም ያከብሯቸዋል። "ለምን ብለው አይጠይቁኝ። ሐጂ ሱቅ ሄጄ ልቆም ነው፣ አብረውኝ ይቁሙልኝ" አልኳቸው። ትንሽ አዩኝና "ጫማዬን ላጥልቅ" ብለው ተነሱ። ታክሲ ይዘን ጀፕ ወረድን።

የሐጂ ሱቅ ፎቅ ላይ ናት። ጠባብ ናት፤ ብርድ ልብሱ እስከ ኮርኒሱ ተደርድሮ መተላለፊያ እንኳ የላትም። ሐጂ ሲያዩን ደስ ብሏቸው ወንበር አስመጡ።

"አንቀመጥም ሐጂ" አልኳቸው።

መጀመሪያ ሳቁ። ዋጋ ልከራከር የመጣሁ መስሏቸው ነበር።

"ከድርን ከቃሉ ይፍቱልኝ። እሁድ እንዳይጫወት። እሺ ካላሉኝ አልቀመጥም።"

ሳቃቸው ቆመ። "ምን ሆነሻል ልጄ? ምክንያቱ ምንድን ነው?"

"ምክንያቱን አልናገርም። እርስዎም ቤቴ ቆመው ሲለምኑ፣ ከድር እምቢ ለማለት ምክንያት ይኖረው እንደሆን አልጠየቁንም።"

ይህን ስናገር ድምፄ የእኔ አልመሰለኝም። ለሐጂ እንዲህ ተናግሬ አላውቅም። እሳቸውም ተቆጡ። ሐጂ ሲቆጡ አማርኛውን ትተው በስልጥኛ ነው የሚናገሩት፤ ያን ቀን ብዙ ተናገሩ። "ውድድሩ ደርሷል! ከኋላ ማንን ላቁም?" አሉ በመጨረሻ።

"ቢላልን።"

"ቢላልን! አምና ያዋረደንን?"

"አምና የጣለው ልጅ ዘንድሮ እንዴት እንደሚይዝ የሚያውቀው ቢቆም አይደል?" አሉ እትዬ ሙኒራ ረጋ ብለው። "ልምድ ያለው ሰው ትላላችሁ፤ ልምዱን ከየት ያምጣው?"

ሐጂ ጀርባቸውን አዙረው ብርድ ልብስ ማስተካከል ጀመሩ። እኛም ቆምን። ገዢዎች እየመጡ በትከሻችን አሻግረው አይተው ይሄዳሉ። እግሬ ሳይሆን ፊቴ ነበር የደከመኝ። የጀፕ ሰው በሙሉ ሲያየኝ ይውላል፣ ማታ ከድር ይሰማል፣ እያልኩ እጨነቃለሁ።

በዚህ መሃል አንዲት ሴት መጣች። ደልደል ያለች፣ ሻሽ ያሰረች፣ ትልልቅ የፌስታል ሻንጣዎች የያዘች የአገሬው ሴት ናት። ከሩቅ ክፍለ ሀገር መጥታ ብርድ ልብስ ገዝታ ሄዳ የምትሸጥ ናት። ታክሲዋ ታች ቆሞ ጥሩንባውን ይነፋል።

"ሳውቦና ማማ" ብላ በዙሉ ሰላም አለችኝና "ይህ ወረፋ ነው?" ስትል ጠየቀችኝ።

በተሰባበረ እንግሊዝኛና በማውቃት ትንሽ ዙሉ አስረዳኋት። ወረፋ አይደለም፣ ባሌን እንዲመልሱልኝ ነው የቆምኩት፣ እሺ እስኪሉኝ አልቀመጥም አልኳት።

"ባልሽን ወሰዱት? የት?"

"ለራግቢ።"

ሱቁን የሞላ ሳቅ ሳቀች። "ለራግቢ! ኤሽ!" እያለች ዓይኗን ጠረገች። ከዚያ ፊቴን አየችኝ። ሳቋ ጠፋ። ቀረብ ብላ በቀስታ "ይሞትብሻል ብለሽ ነው የፈራሽው?" አለችኝ።

መሐላዬን አፍርሼ እንዳልናገር ከንፈሬን ነከስኩ።

ሻንጣዎቿን መሬት ላይ አስቀመጠች። ከጎኔ መጥታ ቆመችና "ማሉሜ" ብላ ሐጂን ጠራቻቸው፤ አጎቴ እንደማለት ነው። "እኔም ቆሜያለሁ። የዚችን ሴት ነገር ሳትጨርስ ብርድ ልብስህን አልገዛም።"

"ታክሲሽ ጥሎሽ ይሄዳል" አሏት።

"ይሂድ። ነገም ታክሲ አለ።"

ሐጂ ዞረው ሦስታችንንም አዩን። ይህች ሴት አታውቀኝም። ከድርን አይታው አታውቅም። ለምን እንደቆምን እንኳ በቅጡ አልተነገራትም። ቤቷ ለመድረስ ቀን የሚፈጅ መንገድ አለባት። ከታች ጥሩንባው ይጮሃል፣ እሷ ግን እጇን ደረቷ ላይ አጣምራ ንቅንቅ አላለችም።

የሐጂ ፊት እየተለወጠ መጣ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ሰሚራ፣ ልጄ፣ ከድር ደህና ነው?" አሉኝ።

ያን ጊዜ እንባዬ አሸነፈኝ። ቃል ግን አልወጣኝም።

"አስተግፊሩላህ" አሉና ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። "እሺ ከማለቱ በፊት አንቺን አይቶሽ ነበር። ሲያይሽ እኔም አይቼዋለሁ። እምቢ እንዳይለኝ ፈርቼ ነው የጉልበቴን ነገር ያነሳሁበት።" ከዚያም "ፈትቼዋለሁ። በአላህ ተቀመጡ፣ እናንተ ቆማችሁ እኔ መተንፈስ አቃተኝ" አሉ።

ብርድ ልብሱ ክምር ላይ ዘፍ ብዬ ተቀመጥኩ። ሴትየዋ አልተቀመጠችም። ወዲያው ዋጋ መከራከር ጀመረች፤ ያን ቀን ሐጂ ብዙም አልተከራከሯትም። ዕቃዋን አሸክማ እየሮጠች ስትወርድ ዞር ብላ "ሻርፕ ሲሲ! ባልሽን ጠብቂው!" አለችኝ፤ ሻርፕ ሲሲ ደህና ሁኚ እህቴ እንደማለት ነው። ታክሲው ይጠብቃት ይጣላት አላውቅም። ስሟን መጠየቅ እንዳለብኝ የገባኝ ደረጃው ላይ ድምፅዋ ከጠፋ በኋላ ነው።

ሐጂ ለቡድኑ የነገሩት ሌላ ነው። "እኛ ሽማግሌዎች ተሳስተናል፤ ቦታው የቢላል ነው፣ የከድር ተራ አልፏል" አሉ። ምስጢሩን ሳያውቁት ምስጢሩን ጠበቁልን። ጀፕ ግን ጀፕ ነው። "ከድር አርጅቶ ተጣለ" ተባለ።

ሐጂ ለከድርም ደውለው ነገሩት። ስልኩን ሲዘጋ ፊቱ ጠቁሯል። "ነገርሻቸው?"

"አልነገርኳቸውም።"

"ታዲያ ምን አድርገሽ ነው?"

"ቆምኩ።"

እስከ ነጋታው አላናገረኝም። ልክ አድርጌያለሁ ብዬ ባስብም ልቤ ተሰብሮ ነበር። የሚወደውን ነገር፣ ለዚያውም በሰው ፊት፣ ከእጁ ነጥቄዋለሁ። በነጋታው ከሥራ ሲመለስ ቢላልን በራችን ላይ ቆሞ አገኘው። ልጁ ፈርቷል። "ብሮ፣ እኔ አልችልም፣ ሲሪየስ። አንተ ንገራቸው" አለው። ከድር ኳሱን ከቁም ሳጥን አውጥቶ ወደ ሜዳ ይዞት ሄደ። እስከ እሁድ በየቀኑ ሄዱ። ከድር ወደ ላይ ይለጋል፣ ቢላል ይይዛል። ሲመለሱ ቢላል "'ሰዎቹ እንደሚመጡብህ ታውቃለህ፣ ታዲያ ምን ታያቸዋለህ?' እያለ አሰለቸኝ" ብሎ ነገረኝ።

እሁድ ዕለት ሜዳው ዳር ከከድር አጠገብ ቆምኩ። ዚምባብዌዎቹ ገና ጨዋታው እንደተጀመረ ኳሱን ወደ ሰማይ ላኩት። ጀፕ በሙሉ ትንፋሹን ዋጠ። ቢላል አንጋጦ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለና ደረቱ ላይ አቀፈው። ወዲያውኑ ሁለት ግዙፍ ሰዎች መጥተው መቱት። ድምፁ እኛ ያለንበት ድረስ ተሰማ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጥ ልጁ ኳሱን እንደታቀፈ ተነስቷል። ሐጂ ሸምሱ እንደ ሕፃን እየዘለሉ ነበር፤ ጉልበታቸውን እንጃ።

ዋንጫውን አላመጣንም። የተሸነፍነው ግን በቢላል አይደለም፣ ከዚያ በኋላም "ያዝ እንግዲህ" ያለው ሰው አልሰማሁም። ከድር ጨዋታው እስኪያልቅ አንድም ቃል አልተናገረም። የቀናበት መሰለኝ፤ አዘንኩለት።

ወደ ቤት መኪናውን የነዳሁት እኔ ነኝ። ልጆቹ ከኋላ ተኝተዋል። ግማሽ መንገድ ስንደርስ "ሰሚራ" አለኝ።

"አቤት።"

"ኳሱ ሁለት ነበር።"

አልገባኝም። "የቱ ኳስ?"

"ወደ ላይ የወጣው ሁሉ። አንጋጬ ሳየው ሁለት ይሆንብኛል። ቢላልን ሳለማምደውም እንደዚያ ነበር። ዛሬ እሱ እጁን ሲዘረጋ የትኛውን ሊይዝ እንደሆነ አላውቅም ነበር።" ከዚያም "ለአንቺም ያልነገርኩሽ ራሴም ስላላመንኩት ነው" አለኝ።

መኪናውን ዳር አስይዤ አቆምኩት። መሪው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። እሱ እጄን ይዞ ቁጭ አለ። ንዴቱ ለቆት ነበር። ለካ ከእኔ ይልቅ የፈራው እሱ ነበር።

በዚያው ሳምንት ራሱ በእግሩ ወደ ሐኪሟ ተመለሰ። ለሐጂም፣ ለቡድኑም፣ የሆነውን ራሱ ነገራቸው። አሁን ዓይኑ እየተሻለው ነው፤ ቢላልንና ትንንሾቹን ያሰለጥናል። ያቺን ሴት ሐጂ ሱቅ በሄድኩ ቁጥር እጠይቃለሁ፤ "ብርዱ ሲመጣ ትመጣለች" ይሉኛል።

ያን ቀን ያደረግሁትን ሳስበው ድፍረቱ ከየት እንደመጣ አላውቅም። ደስ ይለኛል፣ ደግሞም እፈራለሁ። ከድር ከልጆቹ ጋር ምንጣፍ ላይ ተንጋሎ ሲጫወት እያየሁ፣ ያን እሁድ ተሰልፎ ቢሆን ኖሮ፣ እነዚያ ሁለት ሰዎች እየሮጡ ሲመጡ እሱ ከሁለቱ ኳሶች የትኛው ሥር ይቆም ነበር እላለሁ።